ቁጥር እንጂ ስም የሌለው ወረቀት

ባለፈው ማክሰኞ ስኳሬን ልለካ ታቦር ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ነበር። የላብራቶሪዋ ልጅ ጣቴን በአልኮል ጥጥ ስትጠርገው ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ሃያ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ። ሌላው ሰው የድሮ ሽቶ ሲሸተው የድሮ ፍቅሩ ትዝ ይለዋል አሉ። እኔን ፍቅሬን የሚያስታውሰኝ ይኸው የላብራቶሪ ጥጥ ነው፤ ከፍቅሬ ጋር እህቱን፣ ከእህቱም ጋር እስከ ዛሬ ያልበረደልኝን ቂም። ቂም ኃጢአት ነው ይላሉ አባቶች። አውቃለሁ። አውቄ ነው የያዝኩት፤ ደግሞም በደንብ ነው የያዝኩት፤ ሳይለበስ እንደቀረ የሠርግ ቀሚስ አልፎ አልፎ ከሳጥን እያወጣሁ ፀሐይ አስመታዋለሁ።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ የምንሄደው በጋሪ ነበር። ከአዲስ ከተማ መሃል ከተማ በሃምሳ ሳንቲም፤ ባለጋሪው ካወቀሽ ደግሞ ከፊት ከጎኑ አስቀምጦሽ በነጻ። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ያለብሱን ነበር፤ የፈረሱ ላብና የረጠበው አቧራ አንድ ላይ ሲሸት ከዚያ የተሻለ ሽታ እስካሁን አላውቅም። ሐይቁ ዳር ገና ከውሃ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ከነአጥንቱ ተጠብሶ በሁለት ብር ይበላል፤ አባ ኮዳ የምንለው ረጅሙ ወፍ አጠገብሽ ቆሞ አጥንቱን እስክትጥዪለት ይጠብቃል። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከጎንደር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀርቷል፤ እኔም እንደሱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገባሁ። ከደመወዜ ቆጥቤ በየሦስት ወሩ አንድ ጉርድ ቀሚስ አሰፋ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ ከኋላው ስንጥቅ ያለው። ልብስ ሰፊው «እቴነሽ፣ አንቺን እያየ ነው ሰው ወደኔ የሚመጣው» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ያኔ አምሮብኝ ነበር።

ታደለን ያገኘሁት አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ ከነበረ ካሴት ቤት በር ላይ ነው። ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮት ስለነበር ሰው እየቆመ በነጻ ይሰማ ነበር። ታደለ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ቡኒ ኮርዶሮይ ጃኬቱን ለብሶ፣ ብስክሌቱን ተደግፎ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል። አንድ ቀን «ባዶ ካሴት ይዘሽልኝ ነይ፤ የምትወጂውን ሁሉ እቀዳልሻለሁ» አለኝ። ባዶ ካሴት ስድስት ብር ነበር። ገዛሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ካሴት እንደገዛሁ አልናገርም፤ ለሴት ልጅ አያምርም።

ዘመኑ ግን የዘፈን ብቻ አልነበረም። በየግድግዳው አፅም የተሳለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ሬዲዮ በከፈትሽ ቁጥር ተጠንቀቁ ይላል። የበሽታውን ስም ግን በአፉ የሚጠራ የለም። ሰው ሲሞት «ሳንባ ነው»፣ «ጉበት ነው»፣ «ብርድ መትቶት ነው» ይባላል፤ ለቀስተኛው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ከድንኳኑ ሲወጣ ደግሞ ቀጥሎ ማን እንደሚሄድ ይገምታል። ወንድሜ ግርማ ለሥራ ርቆ ከርሞ አጥንቱ ወጥቶ የመጣው ያኔ ነው። ወገቡን አልማዝ ባለጭራ የሚሉት ሽፍታ ዞሮት ነበር፤ ያን ያየ ሁሉ ሌላ ምርመራ አላስፈለገውም። ሰባት ወር አስታመምኩት። አጥቤዋለሁ፣ አጉርሼዋለሁ፣ ቁስሉን በጨው ውሃ ጠርጌለታለሁ። ጓንት የሚባል ነገር ማን አውቆት። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ጥፍሩን ስቆርጥለት እጁ ተንቀጠቀጠና ምላጩ የሱንም የእኔንም አውራ ጣት አንድ ላይ ቆረጠን። ደማችን አንድ ፎጣ ላይ ፈሰሰ። ግርማ ጣቴን አይቶ አለቀሰ፤ ለራሱ አንድ ቀን አልቅሶ የማያውቀው ሰው።

ከቀበርነው በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ጣቴን እያየሁ ነበር ውዬ የማመሸው። መሃል ከተማ አዲስ የምርመራ ጣቢያ ተከፍቶ ስለነበር አንድ ጠዋት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ሄድኩ። እዚያ ስም አይጠየቅም። ይህ ያኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ስም ቢጠይቁ ማንም በሩን አይረግጠውም ነበር። በስምሽ ፋንታ ቁጥር ይሰጡሻል፤ የምትጠሪውም፣ ውጤትሽ የሚነገርሽም በቁጥሩ ነው። እኔ አራት መቶ አሥራ ሰባት ነበርኩ። ሲስተሯ «ኔጋቲቭ ነሽ» ስትለኝ አላመንኳትም፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ወረቀት መስጠት ደንባቸው አልነበረም፤ እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ በጽሑፍ ያልሆነ ነገር ለእኔ የለም። ለምኜ ቁጥሬንና ውጤቴን አጻፍኩ፤ ማኅተምም አስመታሁ። ሞኝነቴ ያ ወረቀት ነው። ባላጽፈው ኖሮ ለማንም አላሳየውም ነበር።

የታደለ እህት የሺመቤት መሃል ከተማ የጨርቅ ሱቅ ነበራት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። ሁላችንም እትዬ የሺ ነበር የምንላት። ዛሬም ከአፌ አንቱታውን አልነፈግኳትም፤ የነፈግኳት ከሆዴ ነው። ታደለ ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ ሱቋ ድረስ ጠራችኝ። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ሳይመረመሩ አላጋባም ማለት ጀምሮ ነበር፤ እንደምትጠይቀኝ ስለገመትኩ ወረቀቱን በቦርሳዬ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። አቡጄዲ የሚያስለኩ ሁለት ሴቶች ነበሩ።

«ወንድምሽን ምን ነበር የገደለው?» አለችኝ፣ ሜትሩን ሳታስቀምጥ።

«ታሞ ነው እትዬ የሺ። እኔ ግን ከመጠየቄ በፊት ተመርምሬያለሁ። ይኸውልዎ።»

ወረቀቱን በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ያዘችው።

«ስምሽ የታለ?»

«ስም አይጽፉም። በቁጥር ነው።»

«አራት መቶ አሥራ ሰባት» ስትል ጮክ ብላ አነበበች። «አራት መቶ አሥራ ሰባት አንቺ መሆንሽን ማን ይመሰክራል? የጎረቤትሽም ሊሆን ይችላል እኮ።»

«ሲስተሯን ይጠይቋት።»

«ሲስተሯስ ስምሽን ታውቃለች?»

አታውቅም። የሺመቤት ወደ ሴቶቹ ዞራ የወርቅ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች፤ እነሱም ሳቁ። ወረቀቱን ባንኮው ላይ አድርጋ በሜትሩ ጫፍ ወደ እኔ ገፋችው። ለሰው ክብር ተብሎ የተተወው ስም እኔን አዋረደኝ። እነዚያ ሁለት ሴቶች አቡጄዲያቸውን ይዘው ሲወጡ ወሬዬንም ይዘው ወጡ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራውን እኔ የሰማሁት በመጨረሻ ነው።

በማርያም ማኅበራችን ጠላው የሚዞረው በአንድ ጽዋ ነበር። በወሩ ተሰብስበን ጽዋው እኔ ዘንድ ሊደርስ ሲል የሺመቤት ከማዶ ሆና «ለእቴነሽ በብርጭቆ ቅዱላት፤ ጉንፋን ይዟት የለ» አለች። ጉንፋን አልያዘኝም። ጽዋው ከግራዬ ወደ ቀኜ በላዬ ላይ ተሻገረ። ብርጭቆውን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ ለምን እንደጠጣሁ እስከ ዛሬ አይገባኝም፤ ፊቷ ላይ መድፋት ነበረብኝ። ከወጣሁ በኋላ ብርጭቆውን ከአጥር ውጭ ወርውረው እንደሰበሩት የነገረችኝ እዚያው የነበረች ጎረቤቴ ናት።

ከታደለ ጋር አብረን ሄደን ተመረመርን። ሁለት ቁጥር ተሰጠን፤ ሲስተሯ ሁለታችንንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣ ነገረችን፤ በጆሮው ሰማ፣ በዓይኑ አየ። ለአንድ ሳምንት ዓለም የእኛ ሆነች። ቀጥሎ እህቱ ከየት እንደሰማች እንጃ፣ «በሽታው ሦስት ወር ይደበቃል ይላሉ፤ ሦስት ወር ይቆዩ» አለች። ግርማ ከሞተ ከዚያ በላይ ሆኖታል፤ ቢሆንም ይሁን ብዬ ቆየሁ። ከሦስት ወር በኋላ ኔጋቲቭ። «እሷ እኮ ላብራቶሪ ውስጥ ዘመድ አላት» አለች። ሐይቁ ዳር ከቆሮሶ ጠባሾቹ ራቅ ብለን ተቀምጠን ታደለ ብስክሌቱን መሬት ላይ አጋድሞ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ አምንሻለሁ እቴነሽ። ግን እሷ ናት ያሳደገችኝ።»

«ካመንከኝ ሌላ ምን ቀረህ?»

«ነገ ልጅ ሲመጣ... ምናልባት ቢሆንስ...»

አልጨረሰውም። ብስክሌቱን አንሥቶ እየገፋ ሄደ፤ መንዳት እንኳን አፍሮ። በጥር ከይርጋለም የመጣች ልጅ አገባ፤ የሠርጉ መኪኖች በመሥሪያ ቤታችን በር ሲያልፉ እኔ ፋይል እየደረደርኩ ነበር።

ለታደለ ያለቀስኩት አንድ ዓመት ነው። የቀረውን ዓመት ያለቀስኩት ለሌላ ነገር ነው፤ እኔም ራሴ ማመን አቆምኩ። ሌሎች ቢጠረጥሩኝ ግድ የለኝም ብዬ ነበር፤ የራሴን ጥርጣሬ ግን ከቤት አስወጥቼ በር መዝጋት አልቻልኩም። ጠዋት ተነሥቼ ምላሴን በመስታወት አያለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፋርማሲ በር ላይ ባለው ሚዛን እመዘናለሁ፤ ግማሽ ኪሎ ከቀነስኩ ቀኑን ሙሉ እህል አይወርድልኝም። ዲላ ሄጄ ተመረመርኩ፤ ይርጋለም፣ ዝዋይ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። ኔጋቲቭ። ቁጥሬን ተሳስተው ቢሆንስ? ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ደሜ ከሌላው ተቀያይሮ ቢሆንስ? በአሥራ አንደኛው ምርመራ ሻሸመኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲስተር ስንተኛዬ እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ስሚኝ የኔ እህት» አሉኝ። «ደምሽ ንጹሕ ነው አልልሽም፤ የማንም ደም ቆሻሻ አይደለም። ኔጋቲቭ ነሽ። ከእንግዲህ ለዚህ ነገር ሰው ቤት ደምሽን አትስጪ። አንቺን የያዘሽ ሌላ ነው። ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«የሺመቤት» አልኳቸው።

ስሟን ስጠራው ቀለል አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምርመራውን ተውኩ፤ ፍርሃቴን ሰብስቤ በሙሉ ለእሷ አደረግኩት። ለአንድ ሰው የሚሆን ሥራ ነው፤ አላሰለቸኝም። አዲስ ቀሚስ ባሰፋሁ ቁጥር በሱቋ በር አልፋለሁ፤ ወፍሬ እንድታየኝ ብዬ። ሁለት ሰዎች ለጋብቻ ጠይቀውኝ ነበር፤ አንዱ ደህና ሰው ነበር፣ አሁንም ሳገኘው ያዝናል። ምርመራ የሚለው ቃል ሲነሣ ሁለቱንም መለስኳቸው። ልጅ ሳልወልድ ጡረታ ወጣሁ። ለዚህ ማንን ልጠይቅ? ታደለ ካገባ በዓመቱ የየሺመቤት ባል ሞቱ፤ ሞያሌ እየተመላለሱ ጨርቅ ያመጡላት የነበሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና ሁሉም እንዲሰማ «እትዬ የሺ፣ ሕመማቸው ምን ነበር?» አልኳት። «ጉበት» አለች፣ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ። ያን ቀን ንፍሮው ጣፈጠኝ። የነፍስ አባቴ በየዓመቱ በፍልሰታ «ይቅር በያት ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም በየዓመቱ «እሺ አባ» እያልኩ እዋሻቸዋለሁ።

ዘመኑ ተለወጠ። ጋሪው ጠፋ፣ ባጃጁ መጣ፤ ካሴት ቤቱ የሞባይል ሱቅ ሆነ፤ የጨርቅ ሱቋም ፈርሶ ፎቅ ተሠራበት። መድኃኒቱ መጣ። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ መድኃኒቷን በሁላችንም ፊት እየዋጠች ሁለት ልጆች ከዩኒቨርሲቲ አስመርቃለች፤ ምርቃታቸው ላይ የጨፈርኩት እኔ ነኝ። ግርማ ጥቂት ዓመት ቢቆይልኝ ኖሮ እላለሁ። በየሱፐርማርኬቱ፣ በየባንኩ ሰልፍ ላይ ይህቺን ሴትዮ አንድ ቀን አገኛት ይሆናል እያልኩ ስንት ዓመት ዙሪያዬን ቃኘሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያገኘኋት ግን ሳልፈልጋት ነው።

ማክሰኞ ዕለት ለስኳሬ ደም ሰጥቼ ሐኪሙን ልጠብቅ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ሠራተኛውም ታካሚውም ወጥቷል። ከአግዳሚው ጫፍ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ከዘራ የያዘች አሮጊት ብቻ ቀርታለች። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ሸፍኗቸዋል። «ሐኪሙ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው ልጄ?» ስትለኝ ድምፁ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ቀና ብዬ አየኋት። የወርቅ ጥርሷ እንኳን ቦታው ላይ ነው።

«ስምንት ሰዓት» አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ለዓይኔ ኦፕራሲዮን ደሜን መርምረው ይህን ሰጡኝ፤ ለሐኪሙ ስጪ ብለው። እንግሊዝኛ ታነቢ እንደሆን እስቲ እይልኝ። ያ... ያም ይኖርበታል?»

ያ። ያን ሁሉ ዘመን ኖራ አሁንም ስሙን አትጠራውም። ወረቀቱን ተቀበልኩና መነጽሬን አደረግኩ። የሄሞግሎቢኑ፣ የጉበቱ፣ ከዚያ ሦስተኛው መስመር ላይ እሱ።

«ለምን ፈሩ?» አልኳት።

ወደ እኔ ተጠጋች። «ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ አንቺ ደግሞ አታውቂኝም። ባለቤቴን ጉበት ነው ብለን ቀበርነው። ጉበት አልነበረም። ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ራሱ ነግሮኛል። ከያኔ ጀምሮ ተመርመሪ ይለኝ ነበር፤ ሸሸሁ። ሰው እኔን እንዳያይ ያላደረግኩት የለም።»

ሁለት ዓመት። ቆጠርኩት። ወረቀቴን በጣቶቿ ጫፍ ይዛ ስትስቅ፣ ጽዋውን በላዬ ስታሳልፍ፣ በሽታው የእሷ ቤት አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። ሰዉ ወደ እኔ እንዲያይላት ነው። ሰው እንዲህ ሲናዘዝልሽ ሆድሽ ይራራል ይባላል፤ የእኔ ሆድ እንደ ድንጋይ ሆነ። አንዲት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ፖዘቲቭ ብላት እስከ ስምንት ሰዓት ትሞትልኛለች። ግን በስምንት ሰዓት ሐኪሙ ያስነሣታል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ደግሞ ለእኔ ምኔ ነው?

«ኔጋቲቭ ነው» አልኳት። «የለብዎትም። የሺመቤት ተብሎ ስምዎ ከላይ ተጽፏል።»

ከዘራዋ ከእጇ ወደቀ። እጄን ፈልጋ ያዘችና ሳመችው፤ እንባዋ መዳፌ ላይ ወረደ። «ሃያ ዓመት... ሃያ ዓመት ሙሉ...» ትላለች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ «ስምሽን ንገሪኝ ልጄ፤ በጸሎቴ ላስብሽ» አለችኝ።

መነጽሬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«እቴነሽ ነኝ» አልኩ። «የግርማ እህት። ታደለ ሊያጫት የነበረችው።»

እጄን ለቀቀችው። ወረቀቱን በዳበሳ ከእጄ ወሰደችና «እቴነሽ» አለች፣ «ያነበብሽልኝ እውነቱን ነው?»

«ኔጋቲቭ ነው አልኩዎት።»

«በማርያም በይኝ።»

«በማርያም። ከፈለጉ ሐኪሙን ይጠይቁ። ከሱም በኋላ ሌላ ሐኪም ይጠይቁ።»

የማርያምን ስም በሐሰት አልጠራሁም፤ ያልኳት ሁሉ እውነት ነው። ሐኪሙም ያንኑ ይነግራታል፤ ትሰማዋለች። መስማትና ማመን ምን ያህል እንደሚራራቁ ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የስኳሬን ውጤት ሳልጠብቅ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ዞር ስል ወረቀቱን አፍንጫዋ እስኪነካ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ታገላብጠዋለች።

«ሰው የለም?» ትላለች ባዶው ኮሪደር ውስጥ። «የሚያነብልኝ ሌላ ሰው የለም?»